ሁለት ጊዜ የተለጠፈው ፋሻ

ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

አብቲ ዮኒስ፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

እኔ ደህና ነኝ፤ እናቴ ሆዮም ደህና ናት፤ አባቴም ከነሱቁ ደህና ነው። «የሙስአብ እግርስ?» ላልከኝ ግን ምን ብዬ እንደምመልስልህ አላውቅም። ደህና ነው ብልህ እዋሻለሁ፤ ደህና አይደለም ብልህም እዋሻለሁ። ቁርጭምጭሚቱን ስዳስሰው አላበጠም፣ አይሞቅም። ወደ ውስጥ ሳዞረው ይዞራል፣ ወደ ውጭ ሳዞረው ይዞራል። ሜዳ ሲገባ ግን ያነክሳል። የክለባችን ወጌሻ ከሆንኩ ወዲህ ስንት እግር አሸሁ፣ ስንት እግር አሰርኩ፤ እንደ ገዛ ወንድሜ እግር ግራ ያጋባኝ የለም።

በስልክ ለምን እንዳልነገርኩህ ታውቃለህ። ስልኩን ሳነሳ ሆዮ «ወንድሜ ነው?» ብላ ትቀማኛለች፤ የእናንተ ሰላምታ ሳያልቅ ካርዴ ያልቃል። ሙስአብም አጠገባችን ነው የሚቀመጠው። ስለ እግሩ እሱ ፊት ማውራት አልፈልግም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ይህን ደብዳቤ በሚሰጥህ ሹፌር እጅ አንድ ፌስታል አለ። ውስጡ ሁለት ጥቅል ቴፕ ታገኛለህ። ነጩ የማይለጠጠው ነው፤ ቁርጭምጭሚት ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነው። ቡናማው ደግሞ የሚለጠጠው ነው፤ ከላይ እንደርበዋለን። አንተ ፋብሪካችሁ ላቦራቶሪ ውስጥ ጨርቅ ጎትቶ የሚበጥስ መኪና አለህ አይደል? ልጆች ሳለን «የአብቲ ሥራ ጨርቅ መቅደድ ነው፤ ደግሞ ደመወዝ ይከፍሉታል» እያልን እንስቅብህ ነበር። እስቲ እነዚህን ቅደድልኝ።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት እግሩን አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ። ነጩን ቴፕ ከውስጥ ቁርጭምጭሚቱ አስነሥቼ በተረከዙ ሥር አሳልፌ ወደ ውጭ እስበዋለሁ፤ ደጋግሜ አስረዋለሁ። ስጨርስ ጣቴ ከሥሩ አይገባም። ሜዳ ገብተው ገና ሰውነታቸውን እያሟሟቁ ሳለ ላልቶ አገኘዋለሁ። ትንሽ መላላት እንዳይመስልህ፤ ጠርዙ ተነሥቶ ከካልሲው በላይ ይታያል። ሌሎቹን በዚያው እጄ ከዚያው ጥቅል ቆርጬ አስራቸዋለሁ፤ እስከ መጨረሻው ይይዛል። የሱ ምን ሆኖ ነው? ሙቀቱ ነው እንዳልል፣ ድሬዳዋ ውስጥ የማያልበው ማን አለ?

ኮች ሣህሉ እስካሁን ምንም አላለኝም። አንተ እዚያ ሐዋሳ ክለብ ለሙስአብ ያስያዝክለት የተጫዋችነት ሙከራ ሐምሌ መጨረሻ ላይ መሆኑን ከተማው በሙሉ ያውቃል። ልጁን ለዚያ ቀን ማድረስ የኔ ሥራ ነው። ካልደረሰ ጥፋቱ በማን እንደሚላከክ አንተው ገምተው።

ፈጥነህ ጻፍልኝ።

የእህትህ ልጅ ሂንዳ


ሐዋሳ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አብቲ ሂንዳ፣ ወዐለይኩሙ ሰላም፤ ሰላምታዬ ከእህቴ ከሰምሰም ጀምሮ ለሁላችሁም ይድረስ።

ደብዳቤሽን ጠረጴዛዬ ላይ ትቼው አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አየችው። «አብቲ ማለት አንተ ነህ ወይስ እሷ ናት?» አለችኝ። ሁለታችንም ነን አልኳት። አጎትና የእህት ልጅ በአንድ ስም እንደምንጠራራ ላስረዳት ብሞክር የባሰ ግራ ገባት፤ ተውኩት። ግራ የተጋባሽው አንቺ ብቻ እንዳልሆንሽ እንድታውቂ ብዬ ነው።

ስለ ዘገየሁ ይቅር በይኝ። መበጠሻው መኪና የፋብሪካው እንጂ የኔ አይደለም፤ ሥራ ፈት የሚሆንበትን ሰዓት መጠበቅ ነበረብኝ።

በሹፌሩ በኩል «ተመሳስሎ የተሠራ ዕቃ ይሆን?» ብለሽ አስጠይቀሽኛል። አይደለም። ነጩን ቆርጬ በመኪናው ሁለት መንጋጋዎች መካከል አስሬ ጎተትኩት። ምንም ሳይለጠጥ ቆይቶ በድንገት ጠሽ ብሎ ተበጠሰ። እስኪበጠስ የቻለው ክብደት አንድ የትምህርት ቤት ልጅ ቢንጠለጠልበት የሚሸከም ነው። ቡናማው ሌላ ጠባይ አለው። ሲጎትቱት ይሄዳል፣ ሲለቁት ይመለሳል፤ ግን እንደ መጀመሪያው ሆኖ አይመለስም፣ ትንሽ ረዝሞ ይቀራል።

ቀጥዬ ነጩን ሳልበጥሰው ወጥሬ አቆየሁት። አልተቀደደም፣ አልረዘመም፤ የሚይዝበት ጉልበት ግን ቀስ በቀስ እየወረደ ሄደ። እኔ ለራሴ መድከም እለዋለሁ። ሰውም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ወጥሮ የያዘውን ነገር ሳይለቀው ይደክመዋል። ይህ ግን የሁሉም ቴፕ ጠባይ ስለሆነ የሙስአብን ብቻ ነጥሎ አያላላም።

ከዚያ የድሬዳዋን ሙቀት አመጣሁለት። ማድረቂያው ሳጥን ውስጥ አቆይቼ፣ በላብ ፈንታ የጨው ውሃ ረጭቼ ሞከርኩ። ሙጫው ለሰለሰ እንጂ አልለቀቀም። እንግዲህ በመኪናው ቋንቋ ቴፑ ጤነኛ ነው። አንቺ ደግሞ እግሩ ጤነኛ ይመስላል ብለሽኛል። ጤነኛ ቴፕ በጤነኛ እግር ላይ ታስሮ ለምን ይላላል? እኔም አላወቅኩም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና አንድ ነገር ላኪልኝ። አዲሱን ሳይሆን ከእግሩ ላይ የወለቀውን። ሳታጥቢው፣ ሳታጣጥፊው በላስቲክ አድርጊው።

ሙስአብን ግን አታስጨንቂው። ስለሱ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ሌላውን ስንገናኝ እናወራዋለን።

አጎትሽ ዮኒስ


ድሬዳዋ፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

አብቲ፣ ሰላም ላንተና ለቤትህ።

ስለ ሁርሶው ጨዋታ ሆዮ በስልክ የነገረችህ ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ነው። እሷም የሰማችው ከጎረቤት ነው።

ሁርሶ የሄድነው ከወታደር ማሠልጠኛው ቡድን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ለመጫወት ነበር። የሙስአብን እግር ከሌላው ቀን ሁሉ አጥብቄ አሰርኩት፤ እጄ እስኪያመኝ። ጨዋታው ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ነጩ ቴፕ ከካልሲው ወጥቶ እንደ ጅራት ይጎተት ጀመር። ሙስአብ አላየውም፤ ኳስ ይዞ እየሮጠ ነው። ወታደሮቹ በሳቅ ሞቱ። አንደኛው «ልጁ ሜዳውን እየለካልን ነው» አለ። ቀልዱ ደህና ቀልድ ነበር፤ በሌላ ሰው ላይ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ አንተም አብረኸኝ ግራ ይግባህ። ሲሮጥ አላነከሰም። ቴፑ ከኋላው እየተጎተተ እንደ ፈረስ ነበር የሚሮጠው። ቆም ብሎ ቴፑን ሲያይ ነው ማነከስ የጀመረው። ይህን ከኔ በቀር ያየ የለም፤ ሰው ሁሉ የሚያየው ቴፑን ነበር። እኔም ዓይኔ ይሆናል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ኮች ሣህሉ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። የሚጮህ ሰው አይደለም፤ ቢጮህብኝ በተሻለኝ። «ሂንዳ፣ ይኼ ልጅ ሐዋሳ ካልደረሰ አንቺን ማቆየት አልችልም። ከላይ ያሉት ከወዲሁ ሌላ ወጌሻ እያሉኝ ነው» አለኝ። እሺ አልኩት። ተጫዋቾቹ «ሂንዳ ላላ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ትናንት አንዱ እግሩን ሊያሳስር መጥቶ፣ እጄን አየና «ይቅር፣ ዛሬ አላመመኝም» ብሎ ሄደ። አብቲ፣ አለቀስኩ። ይህን ሥራ ይህን ያህል እንደምወደው አላውቅም ነበር።

የቸገረው የማይሞክረው የለም። የእግሩን ፀጉር ላጨሁት፣ ቆዳውን በአልኮል ጠረግሁት፣ አስተሳሰሬን ቀየርኩ፣ ጥቅሉንም ቀየርኩ። ያው ነው። ሙስአብ ደግሞ ከመቼውም ይልቅ ደግ ሆኖልኛል። ቦርሳዬን ይሸከምልኛል፣ ባጃጅ ይጠራልኛል፣ «ወላሂ የእጅሽ ጥፋት አይደለም» እያለ ይምላል። ታዲያ የማን ነው ስለው «የእግሬ ነው» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ጠባዩን ታውቃለህ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ቁራሽ ዳቦ ሳይጣላኝ ያካፈለኝ ቀን የለም። አሁን እንዲህ ሲለሰልስብኝ ያስፈራኛል።

ከሁርሶ የመጣውን ቴፕ እንዳልከው ሳላጥበው ልኬልሃለሁ። የተጣበቀበት አፈር የሁርሶ አፈር ነው።

ሂንዳ


ሐዋሳ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

አብቲ ሂንዳ፣ ዐረፋን እንዴት አሳለፋችሁ?

አዎ፣ እመጣለሁ ብዬ ቀረሁ። ሰምሰም እንደ ተቀየመችኝ አውቃለሁ። ሥራ በዛብኝ ማለቱ ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን እናንተ ቤት ገብቼ የሁላችሁን ዓይን ማየት ከበደኝ። ለምን እንደሆነ አሁን አትጠይቂኝ።

ስለ ቴፑ። አፈሩን በብሩሽ አራግፌ ሙጫው ያለበትን ፊት በማጉያ መነጽር አየሁት። አንድ ጊዜ ተለጥፎ የወለቀ ቴፕ የቆዳ ብናኝ በስሱ ይዞ ይመጣል። ይኼኛው ላይ ብናኙ በላይ በላዩ ነው። ጨርቁ የተሸበሸበበት መስመርም ሁለት ነው፤ አንዱ ሌላውን ያቋርጠዋል፣ ሁለት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት እንደሚሆነው። በሁለቱ መካከል ውሃ ነክቶት የደረቀ ምልክት አለ። ላብ ቢሆን ጨው ይተው ነበር፤ ይህ ንጹሕ ውሃ ነው።

ዓይኔን ስላላመንኩት በራሴ ላይ ሞከርኩ። ከአዲሱ ጥቅል ቆርጬ ክንዴ ላይ ለጠፍኩ፤ ቀስ ብዬ ላጥኩት፤ ክንዴን ታጥቤ በወጉ ሳይደርቅ መልሼ ለጠፍኩት። ከዚያ መኪናው ሲጎትተው የያዘበት ጉልበት ከመጀመሪያው እኩሌታ እንኳ አልሞላም። እጄን ሳወዛውዝ ብቻ ጠርዙ ተነሣ። የነገርሽኝን ሁሉ አደረገ።

ስለዚህ የእጅሽ ጥፋት አይደለም፤ የሙቀቱም፣ የቴፑም አይደለም። አንቺ አጥብቀሽ ታስሪያለሽ፤ ከዚያ ሜዳ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ፈትቶ፣ ውሃ አስነክቶ፣ መልሶ ይለጥፈዋል። መኪናው የሚነግረኝ እስከዚህ ነው። ማን እንደሆነና ለምን እንደሆነ አይነግረኝም። እኔ የምገምተውን ደግሞ አልጽፍልሽም፤ ግምቴ ቢሳሳት ሰው እበድላለሁ።

ለማንም ከመናገርሽ በፊት በዓይንሽ እዪ።

ዮኒስ


ድሬዳዋ፣ ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

አብቲ፣ «አየሽ ወይ?» ብለህ የላክህልኝ መልእክት ደርሶኛል። አየሁ። ባላየሁ ይሻለኝ ነበር።

መጀመሪያ ደብዳቤህን ሳነብ ደሜ ፈላ። ቦታዬን የሚፈልግ ሰው አለ፣ ሆን ብሎ ስሜን ሊያጠፋ ነው አልኩ። የማልጠረጥረው ሰው ጠፋ፤ የሜዳውን ዘበኛ ሳይቀር ጠረጠርኩ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እኔ የማስራቸው ከዐስር ሶላት፣ ከከሰዓት በኋላው ስግደት በፊት ነው። አስሬ ስጨርስ ሙስሊሞቹ ልጆች ፊት እጃቸውንና እግራቸውን ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው ይሰግዳሉ፤ ከሶላት ሲመለሱ ልምምድ ይጀመራል። በመካከሉ ያለው እንግዲህ ውሃና ሶላት ብቻ ነው።

ይህን አስቀድሜ ሳላስብ ቀርቼ አይደለም። ገና የመጀመሪያ ቀን «ለተጎዳ ሰው በፋሻው ላይ እርጥብ እጁን ማበስ ይበቃዋል፤ እንዳትፈታው» ብዬዋለሁ። እሺ ብሎኛል። ሌሎቹም እግራቸውን የታመሙት እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ስለዚህ አልጠረጠርኩትም።

ትናንት ካሰርኩት በኋላ ከመልበሻ ክፍሉ ጥግ ቆሜ ቧንቧውን አየሁ። ሰው ሁሉ ታጥቦ እስኪሄድ ጠበቀ። ከዚያ ካልሲውን አወለቀ። ቴፑን እንዳይቀደድ በአውራ ጣቱ ቀስ እያለ ላጠው፤ ቧንቧው ላይ አንጠለጠለው። እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ አጠበ፣ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር። አብቲ፣ ቀጥሎ ግራ እግሩን ለማጠብ አንሥቶ ቧንቧው ሥር ሲያደርግ የቆመው በቀኙ ነው። «ታመመ» ባልነው እግር ብቻውን ቆመ፣ ሳይወዛወዝ። ከዚያ ቴፑን አነሣ፤ እንዳሰርኩት አድርጎ ሊመልሰው ደከመ፣ አልቻለበትም። ካልሲውን ከላይ ሳበበት።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ጤነኛ ሰው በፋሻ ላይ ቢያብስ ውዱኡ አይሆንለትም፤ ሶላቱም ይበላሻል። እኔን ዋሸ፣ ኮች ሣህሉን ዋሸ፣ ሆዮ በየማታው ቅቤ ስታሸው እግሩን ሰጥቶ ዝም አለ። አላህን መዋሸት ግን አልሆነለትም።

ለምን እንደዋሸ ግን አልገባኝም። ሐዋሳ መሄድ ከልጅነቱ የለመነው ነገር ነው። ኳስ ጠላ እንዳልል ሁርሶ ላይ ሲሮጥ አይቼዋለሁ። ልጅ ወደደ ይሆን? ፈራ ይሆን? እንዳላየ ሆኜ «እውነቱን ንገረኝ፣ ሐዋሳ መሄድ አትፈልግም?» አልኩት። «እግሬን ነው ያመመኝ» አለና ተነሥቶ ወጣ። ጀርባውን አይቼ ሊያለቅስ እንደሆነ አወቅኩ። እየጠላኝ ነው ወይስ እየወደደኝ? ስሜ በአደባባይ ሲጠፋ እያየ ዝም የሚለው ወንድሜ ነው ወይስ ሌላ ሰው?

አንተ የምታውቀው ነገር አለ። «ሌላውን ስንገናኝ» አልክ፤ «አትጠይቂኝ» አልክ፤ ለዐረፋ ቀረህ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። አንተ ዝም ብለህ አልነቀዝክም፤ የነቀዝኩት እኔ ነኝ። ንገረኝ።

ሂንዳ


ሐዋሳ፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

አብቲ፣ ልክ ነሽ። እነግርሻለሁ። ስለ ቴፑ ግን ቀድሜ አላውቅም ነበር፤ በዚህ እመኚኝ።

ክለቡ ሊቀጥርሽ የጠራሽ ጊዜ እኔ ድሬዳዋ እንደነበርኩ ታስታውሻለሽ። አንቺ የምታውቂው አባትሽ አንድ ሳምንት አኩርፎ በኋላ እሺ ማለቱን ነው። እሺ ያለው ግን እንዲሁ አልነበረም። እኔና ሙስአብ ከዚራ ሰፈር ወዳለው ሱቁ ሄደን ለመንነው። የሚሸጣቸውን ሽርጦች እያጣጠፈ ሰማን፤ ሲጨርስ እንዲህ አለ፦ «ልጄ የወንዶች እግር ስታሽ ሰው ምን ይለኛል? ግን ተምራለች፤ ሥራ አትሥሪ አልላትም። ወንድሟ ሜዳው ላይ እስካለ ድረስ ትሥራ። እሱ የወጣ ቀን እሷም ትወጣለች።» ቃል አስገባን፤ ገባንለት። ለአንቺ ያልነገርንሽ ጠባይሽን ስለምናውቀው ነው። «በወንድሜ ጥላ ሥር አልሠራም» ብለሽ ሥራውን ትተይው ነበር።

ያኔ ሙስአብ ከድሬዳዋ የሚወጣ አልመሰለንም። ዘንድሮ የሐዋሳው ሙከራ ሲገኝለት ደወለልኝ። ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ «ሂንዳስ?» አለኝ። አባትሽን እናነጋግራለን አልኩት። «አባቴ ቃሉን አያጥፍም፤ ተወው» አለ። ሙከራውን ሰርዝልኝ ቢለኝ እምቢ አልኩት፤ እንዲህ ያለ ዕድል በእጄ አልሰርዝም አልኩ። ለአንቺ እንዳልነግርሽ አስማለኝ። ከዚያ በኋላ ነው እግሩ የታመመው።

እንግዲህ ተመልከቺ። እሱ አንቺ እንዳትወጪ ብሎ እግሩን አሳመመ። አንቺ እሱ እንዲሄድ ብለሽ ያልታመመውን እግር ስታክሚ ስምሽ ጠፋ። ሥራሽን ሊያተርፍልሽ ብሎ ከሥራሽ ሊያስወጣሽ ነው። ይህን ሲያይ ለምን አላቆመም ብትይኝ፣ መውጫው የጠፋው ይመስለኛል። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው።

የሐዋሳው ክለብ ሙስአብ ይመጣል ወይስ አይመጣም ብሎ ይጠይቀኛል። ምን ልበላቸው? ይህን አንቺን መጠየቄ ያሳፍረኛል፤ ግን ከአንቺ በቀር የምጠይቀው የለኝም።

ዮኒስ


ድሬዳዋ፣ ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

አብቲ፣ ይመጣል በላቸው።

በማን ላይ እንደምናደድ አላውቅም። በአንተ ልናደድ አልኩ፣ በአባቴ ልናደድ አልኩ፣ ሙስአብንማ ላንቀው ነበር። ሦስት ወንዶች ቁጭ ብላችሁ ስለኔ ተስማማችሁና እኔ በራሴ እጅ የያዝኩት ሥራ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር። በጣም ነው ያዘንኩት። ግን ደግሞ ያ ልጅ በአንድ እግሩ ቆሞ ሲታጠብ በዓይኔ ይመጣብኛል፤ ንዴቴ ይሸሻል።

ለኮች ሣህሉ እውነቱን ብነግረው ስሜ ይነጻል፤ የሙስአብ ግን ይጠፋል፤ ውሸታም ተጫዋች ማን ይፈልጋል? ስለዚህ «ከእንግዲህ የማስራቸው ከሶላት በኋላ ነው» ብቻ አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ «እንደፈለግሽ» አለ። ሙስአብ እንደ ልማዱ አስቀድሞ መጥቶ እግሩን ሲዘረጋ «ስገድና ና» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። እንዳወቅኩበት አወቀ። ሰግዶ መጣ፣ እግሩ እንደ ረጠበ ነበር፤ አደረቅኩለት፣ አሰርኩት። ቴፑ እስከ መጨረሻው ያዘ። እሱም አላነከሰም። በማግስቱ አንድ ተጫዋች «ላላ ጠበቀች» ብሎ አለፈ፤ ሳቅኩለት።

ከዚያ ከዚራ አባቴ ሱቅ ሄድኩ። ደንበኛ እስኪወጣ ቆሜ ጠበቅኩ። ቃሉን እንዳወቅኩ፣ እኔ ከሥራው እንደምወጣ፣ ሙስአብ ግን መሄድ እንዳለበት ነገርኩት። ስለ እግሩ አልነገርኩትም። አባቴ ሽርጥ ማጣጠፉን ሳያቋርጥ ሰማኝ። እንዲቆጣ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣም። እንዲያዝንልኝም ጠብቄ ነበር። «ሥራውን ትወጂዋለሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «በቃ፣ ሂጂ» አለኝ። ይህ ምን ማለት ነው? ወደ ቤት ሂጂ ነው? ከሥራው ሂጂ ነው? መጠየቅ አልቻልኩም።

ሙስአብ «አንቺ ከወጣሽ አልሄድም» ይላል። ሆዮ ምኑም ሳይገባት ከሁላችን ጋር ታለቅሳለች። አንተ ብቻ ይመጣል በላቸው። እንዴት እንደሚመጣ እኔም አላውቅም።

ሂንዳ


ድሬዳዋ፣ ሐምሌ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

አብቲ ዮኒስ፣ ሰላምታዬ ለአንተም፣ ቤትህ ላለው እንግዳም ይድረስ።

ሙስአብ አንተ ጋ ነው፤ ስለሱ አንተ ትነግረኛለህ እንጂ እኔ ምን እነግርሃለሁ? ሲመጣ «አባቴ ምን አስቦ ነው የላከኝ?» ብሎህ ይሆናል፤ አንተም ያንኑ ነው የጠየቅከኝ። እዚህም ያወቀ ሰው አልነበረም። ጓዙን ራሱ አባቴ ነው ያሰረለት፤ እስከ መናኸሪያ ድረስ ሸኘው፤ «እህትህን ለኔ ተዋት» አለው። እኔ እሰጋ ነበር፤ ሙስአብም እያሰበኝ ሄደ።

በማግስቱ ቦርሳዬን ለክለቡ ላስረክብ ሜዳ ሄድኩ። ቃል ቃል ነው፤ ወንድሜ ወጥቷል፣ እኔም መውጣቴ ነው። ኮች ሣህሉ እስኪመጣ እየጠበቅኩ ሳለ በበሩ አባቴ ገባ። ከሱቁ የሚቀመጥበትን የፕላስቲክ ወንበር ተሸክሟል። ኳስ ሜዳ ገብቶ የሚያውቅ ሰው አይደለም፤ በየት በኩል እንደሚኬድ እንኳ ዘበኛውን ጠየቀ። ሕዝቡ፣ ተጫዋቹ ያየዋል። እኔ ያለሁበት ጥላ ሥር መጥቶ ወንበሩን አስቀመጠ፤ የተጫዋቾቹን ጭን ላለማየት ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ተቀመጠ።

ምን ልትሠራ መጣህ አልኩት። «ወንድሟ ካለ ብዬ ነበር። ወንድሟ ከሌለ አባቷ አለ። ቃሌን አላጠፍኩም» አለኝ። ሱቁስ ብለው «ከዐስር በኋላ ሽርጥ የሚገዛ የለም» አለ። ውሸቱን ነው አብቲ፤ ከዚራ ውስጥ ገበያ የሚደምቀው ከዐስር በኋላ መሆኑን አንተም ታውቃለህ።

ቦርሳዬን አላስረከብኩም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይመጣል። ጨዋታው ግራ ስለሚገባው ሳይዞር ይጠይቀኛል፤ ሰው ሲጮህ «ምን ሆነ?» ይላል፤ ስነግረው «ታዲያ ለዚህ ነው የሚጮኸው?» ይለኛል። ኮች ሣህሉ ውሃ ያመጣለታል። እኔ ግን ነፃ አልሆንኩም ነበር። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ የሰው ልጅ እግር ጉልበቴ ላይ አሳርፌ ማሰር አልሆነልኝም። ወደ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ነበር የማስራቸው፣ እንዳያየኝ።

ትናንት ጨዋታ ነበረን። አንዱ ተከላካያችን ለኳስ ዘሎ ሲወርድ እግሩ ከሥሩ ታጠፈ፤ እዚያው ወደቀ። ዳኛው ጠራኝ። ቦርሳዬን አንሥቼ አንድ እርምጃ ሄድኩና ቆምኩ። ሜዳው መሐል፣ ከተማው እያየ፣ አባቴ ከኋላዬ።

ዞር ብዬ አየሁት። ወንበሩን መቼ እንዳዞረው አላውቅም፤ ፊቱን ለሜዳው ሰጥቶ ቆሟል።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ። «ልጁ ወድቋል እኮ።»

ሮጥኩ።

ሂንዳ